ለጠበቆች ማኅበር አመራር ተመረጣችሁ? ከመግለጫው በፊት ድንኳኑን

ምርጫው ቅዳሜ ያልቃል። እሑድ ስልካችሁ በ«እንኳን ደስ ያላችሁ» ይጨናነቃል። ሰኞ ጠዋት ከሥራ አስፈጻሚው አንዱ «መግለጫ እናውጣ» ይላል። ስለ ምን? እሱ ገና አልታወቀም። ብቻ መግለጫ ይውጣ።

እኔም አንድ ጊዜ በአንድ የባለሙያ ማኅበር ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ የፈጀነው በአርማ ላይ ነው። የፍትሕ ሚዛኑ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ አያዘነብልም። ዓመቱ ሲያልቅ ደህና አርማ ነበረን። መዋጮውን የከፈለው አባል ግን በጣት ይቆጠራል።

ያኔ ያልገባኝን ነገር በኋላ የገባኝ በሰፈራችን ዕድር ነው። ጠበቃው ጓደኛዬ ዕድሩን አንድ ወር አሳልፎ አያውቅም። የማኅበሩን መዋጮ ግን ሦስቴ ተደውሎለት «እሺ፣ በዚህ ሳምንት» ይላል። ሰውየው ገንዘብ አጥሮት አይደለም። ዕድሩ ሰው ሲሞት ድንኳን ይዞ እንደሚመጣ በዓይኑ አይቷል። ማኅበሩ ምን ይዞ እንደሚመጣ ግን አይቶ አያውቅም።

የሚከተለው ቅደም ተከተል የተሠራው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። በምሳሌነት የያዝኩት የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን የመሰለ፣ በአዋጅ የተቋቋመ ማኅበር ነው። በክልል ያላችሁና በፈቃደኝነት የተመሠረተ ማኅበር የምትመሩም የሚሆናችሁን ውሰዱ።

1. የራሳችሁን ሕግ አንብቡ

ጠበቃ የሰውን ሕግ ያነባል፤ የራሱን ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ አያነብም። አዋጅ ቁጥር 1249/2013ን አትማችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ይህ አዋጅ የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 199/1992 ተክቶ ሁለት ትልልቅ ነገሮችን አመጣ። የፌዴራል ጥብቅና ፈቃድ ያለው ሁሉ የማኅበሩ አባል እንዲሆን አደረገ። ጠበቆችም በግል ብቻ ሳይሆን የጥብቅና ድርጅት አቋቁመው እንዲሠሩ ፈቀደ።

ከዚያ አንድ ወረቀት ወስዳችሁ ሦስት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው ማኅበሩ ብቻውን የሚወስነውን ጻፉ። በሁለተኛው ሐሳብ የሚሰጥበትን ወይም ተወካይ የሚልክበትን። በሦስተኛው ምንም ሥልጣን የሌለውን። ፈቃድ መስጠት፣ ማደስ፣ ማገድ፣ የሥነ ምግባር ክስ መስማት፣ ሥልጠና፣ ነጻ አገልግሎት፤ ሁሉንም በአንቀጽ ቁጥር ከየዓምዱ ሥር አስገቡ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ይህን ያልሠራ አመራር በማይመለከተው ነገር ቃል ይገባል፣ የሚመለከተውን ደግሞ «ለፍትሕ ሚኒስቴር እንጻፍ» ብሎ ያሳልፋል።

የግዴታ አባልነቱን በተለይ አትርሱት። በሕግ የገባ አባል በልቡ ገብቷል ማለት አይደለም። ጥሏችሁ መሄድ አይችልም። ይህ ለአመራር ምቹ ይመስላል፤ ግን ያሰንፋል። በፈቃደኝነት የተቋቋመ ማኅበር ሲበላሽ አባሉ ይቀንስና ማንቂያው ይደወላል። እናንተ ጋ የሚደውል ነገር የለም፤ አባሉ ዝም ይላል እንጂ አይወጣም።

2. ሒሳቡን ክፈቱ

የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ታሪክ እያንዳንዱ የማኅበር መሪ ሊያውቀው ይገባል። ማኅበሩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል። በ1992 ዓ.ም. ለወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አጥብቀው ከታገሉት አንዱ ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።

ይህ ማኅበር ሁለት ጊዜ ክፉኛ ተመትቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 የፍትሕ ሚኒስቴርን በአደባባይ ከተቸ በኋላ ታገደ። እገዳው በዚያው ዓመት ተነሳ። ሁለተኛው ምት የመጣው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው። አዋጅ ቁጥር 621 በሰብአዊ መብት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ። ማኅበሩ ሠራተኛ ቀነሰ፣ ሥራውም ተዳከመ። ያ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1113 የተተካው በ2011 ዓ.ም. ነው። አሥር ዓመት!

ሁለቱን አወዳድሯቸው። እገዳው ጩኸት ነበረው፤ ሰው ሰማ፣ ተነሳ። ገንዘቡ ግን ዝም ብሎ ነው ያነቀው። «ነጻ ማኅበር ነን» የሚለው ቃል ከመተዳደሪያ ደንቡ ይልቅ በባንክ ደብተሩ ላይ መጻፍ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ይህን አድርጉ። ያለፉትን ሦስት ዓመታት የባንክ መግለጫ ከባንኩ ራሱ አውጡ፤ ከቀድሞው ገንዘብ ያዥ የተሰጣችሁን ዝርዝር ብቻ አትመኑ። ፈራሚዎችን ቀይሩ። ማንኛውም ወጪ ሁለት ፊርማ ይኑረው፣ ሁለቱ ፈራሚዎች ደግሞ የአንድ ቢሮ ባልደረቦች አይሁኑ። የውጭ ኦዲተር ቅጠሩ። ያለባችሁን ዕዳ፣ የኪራይ ውል፣ የሠራተኛ ደመወዝና ግብር ለይታችሁ አውቁ።

ከዚያ በየሦስት ወሩ አንድ ገጽ ሪፖርት ለአባላት ላኩ። ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ። 20 ገጽ የሚያነብ የለም። አንድ ገጽ ግን ሻይ እየጠጣ ያነበዋል፣ «ለስብሰባ መስተንግዶ ይሄ ሁሉ?» ብሎም ይደውላል። ሲደውል ደስ ይበላችሁ። የጠየቀ አባል የሚከፍል አባል ነው።

የለጋሽ ገንዘብ አትቀበሉ አልልም። ሥልጠናውን፣ ኅትመቱን፣ ጥናቱን ለጋሽ ይርዳው። የቢሮ ኪራዩን፣ የጸሐፊዋን ደመወዝና ከዚህ በታች የምነግራችሁን ተረኛ ስልክ ግን ከመዋጮ ብቻ ክፈሉ። ለጋሹ ነገ ቢሄድ በሩ እንዳይዘጋ።

3. ጠበቃ ሲታሰር ማን ይመጣል?

ድንኳኑ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብታበላሹና ይህን ብትሠሩ አባላት ይቅር ይሏችኋል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር። የእናንተም ሰዓት ያው 48 ነው። ምልዐተ ጉባዔ እስኪሟላ የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም። ሥርዓቱን አስቀድማችሁ ጻፉት።

አንድ ቋሚ ስልክ ቁጥር ይኑር። የሊቀመንበሩ የግል ስልክ አይሁን፤ ሊቀመንበሩም ይተኛል፣ ችሎት ይገባል፣ አገር ቤት ይሄዳል። በየሳምንቱ ሁለት ተረኛ ጠበቆች መድቡ፤ አንዱ የወንጀል ጉዳይ የለመደ ይሁን። አርብ ከሰዓት በኋላና የበዓል ዋዜማ ተረኛ መኖሩን ደግማችሁ አረጋግጡ።

ተረኛው ሲደርስ አራት ነገር ያጣራል። የት ነው የተያዘው? በማን ነው የተያዘው? በምን ተጠርጥሮ ነው? ምን ተወሰደበት? አራተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። የጠበቃ ቢሮ ሲበረበር የሚወሰደው ኮምፒውተር የእሱ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ የብዙ ደንበኞች ምስጢር አለ። የብርበራ ትእዛዙ ቅጂ ይጠየቅ፣ የተወሰደው ዕቃ ዝርዝር ይያዝ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብም የደንበኞች ሰነድ እንዲለይ ይጠየቅ።

ቀጥሎ ቀጠሮው። የታሰረው ጠበቃ ነገ 3 ሰዓት ላይ ልደታ ፍርድ ቤት ክርክር አለው እንበል። ደንበኛው ኮሪደር ላይ ብቻውን ይቀመጣል፣ ስልክ ይደውላል፣ ዝግ ነው። ተረኛው ከቢሮ ጸሐፊው ወይም ከቤተሰቡ የቀጠሮ ደብተሩን ያግኝ። ውክልና የሌለው ጠበቃ ተነስቶ መከራከር አይችልም። ደንበኛውን አግኝቶ ሁኔታውን ማስረዳትና ተለዋጭ ቀጠሮ እንዲጠይቅ ማገዝ ግን ይችላል። ለዚህም ነው አባላቶቻችሁን ዛሬውኑ መምከር ያለባችሁ፦ ከደንበኛ በምትቀበሉት ውክልና ላይ ሌላ ጠበቃ የመወከል ሥልጣን ይኑራችሁ፣ የቀጠሮ ዝርዝራችሁንም አንድ የምታምኑት የሙያ ባልደረባ ይወቅ። መታሰር ብቻ አይደለም። ሰው ይታመማል፣ የመኪና አደጋም አለ።

ቤተሰብም አለ። ባሏ የት እንዳለ የማታውቅ ሴት ከማኅበሩ የሚደወልላት አንድ ስልክ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት ብልህ መሆን አይጠይቅም።

መግለጫው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሲመጣም «ጠበቃው ንጹሕ ነው» አይበል። አታውቁም፤ ልታውቁም አትችሉም። ስለ ሥርዓቱ ይናገር፦ በጊዜው ፍርድ ቤት ይቅረብ፣ የራሱን ጠበቃ ያግኝ፣ የደንበኞቹ ምስጢር ይጠበቅ። እ.ኤ.አ. በ1990 በሃቫና በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት ጉባዔ የጸደቁት የጠበቆች ሚና መሠረታዊ መርሆዎች ጠበቃ ሥራውን በመሥራቱ ብቻ ከደንበኛው ወይም ከደንበኛው ጉዳይ ጋር አንድ ተደርጎ እንዳይታይ ይላሉ። ይህ 18ኛው መርሕ ነው። ቁጥሩን በቃላችሁ ያዙት፣ ትፈልጉታላችሁ።

ችሎት መድፈር ለብቻው ይታይ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 449 ዳኛው እዚያው ሊቀጣ ይችላል። እዚህ ላይ በደፈናው ከአባል ጎን መቆም ያስቸግራል። አንዳንዴ ዳኛው ቸኩሏል፣ አንዳንዴም ጠበቃው በእውነት አፉን ከፍቷል። ሁለቱም የሚያከብሩት አንድ አንጋፋ ጠበቃ ፈጥኖ ይሂድ። ጥፋቱ የጠበቃው ከሆነ ይቅርታ ይጠይቅ። ይግባኙ ጊዜ ይወስዳል፤ ሽማግሌ ግን በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል።

4. ከፍርድ ቤት ጋር ስትነጋገሩ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ

የጠበቃ ዋና ብሶት ፖለቲካ አይደለም። ለ3 ሰዓት ተቀጥሮ እስከ 6 ሰዓት ኮሪደር ላይ መቆም ነው። መዝገቡ ጠፍቶ፣ ዳኛው ተቀይሮ፣ መጥሪያው ሳይደርስ፣ ሲስተሙ ተቋርጦ ቀጠሮ መቀየር ነው።

ይህን ለፍርድ ቤቱ አመራር «አባሎቻችን ተማርረዋል» ብላችሁ ብትነግሩ መልሱ «እኛም ተማርረናል፣ መዝገብ በዝቷል» ነው። ሻይ ትጠጣላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ያበቃል።

እንዲህ ሞክሩ። ፈቃደኛ የሆኑ አባላት ለአንድ ወር ትንሽ ቅጽ ይሙሉ። ችሎቱ፣ የተቀጠረበት ሰዓት፣ የተጀመረበት ሰዓት፣ ቀጠሮው ከተቀየረ ምክንያቱ። በስልክ የሚሞላ ይሁን፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከወሰደ ማንም አይሞላውም። ምክንያቱ ውስጥ «ጠበቃው ስላልቀረበ ወይም ስላልተዘጋጀ» የሚል ምርጫ የግድ ይኑር። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ግን የራሱን ጉድ የጻፈ ሰው ሌላውን ሲከስ ይሰማል።

በወሩ መጨረሻ ውጤቱን አንድ ገጽ ላይ አስቀምጡና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ። አሥር አትጠይቁ። ለምሳሌ ሁሉም መዝገብ ለ3 ሰዓት ከሚቀጠር በየሰዓቱ ተከፋፍሎ እንዲቀጠር። ሁለት ችሎት ላይ ይሞከር። ከሦስት ወር በኋላ ያው ቅጽ ይሞላ። በዚህ አንድ ነገር ካሸነፋችሁ ሁለተኛውን ለመጠየቅ ፊት ይኖራችኋል።

የዳኛ ስም እየጠቀሳችሁ መውቀሻ መድረክ ግን አታድርጉት። በግል ዳኛ ላይ አቤቱታ ያለው የራሱ መንገድ አለው።

5. ጓዳችሁን ጥረጉ

ደንበኛ በጠበቃ ላይ የሚያቀርበው አቤቱታ ብዙ ጊዜ የተወሳሰበ አይደለም። ገንዘብ ተቀበለ፣ ቀጠሮ ቀረ፣ ስልክ ዘጋ፣ ሰነዴን አልመልስ አለ። ትልቁ ክፍል እዚያው በንግግር የሚያልቅ ነው። ስለዚህ ለክፍያና ለሰነድ ውዝግብ ፈጣን አስማሚ ቡድን አቋቁሙ። ከባዱ፣ ማለትም የደንበኛ ገንዘብ ያጠፋ፣ ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ፣ በዳኛ ስም ጉቦ የተቀበለ፣ በሕጉ ሥልጣን ወደተሰጠው አካል ይሂድ። እዚህ ሽምግልና የለም።

የአመራር ፈተናው ተከሳሹ ምርጫውን እንድታሸንፉ የደገፋችሁ ሰው ሲሆን ነው። አስቀድማችሁ ጻፉ፦ የቢሮ ባልደረባ፣ ዘመድ ወይም የምርጫ ቅስቀሳ አጋር በሆነ ሰው ጉዳይ ላይ ማንም አይቀመጥም።

ስለ ደላላም እናውራ። በፍርድ ቤት ደጅ ባለጉዳይ እየጎተተ የሚያመጣውን ደላላ ሁላችንም እንራገማለን። ግን የሚኖረው የሚከፍለው ጠበቃ ስላለ ነው። ከሕገወጡ ደላላ በፊት ከፋዩን አባል አነጋግሩ።

6. መግለጫ ለማውጣት ሦስት ጥያቄ

አሁን መግለጫው ጋ ደረስን። ረቂቁ ሲቀርብ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ጉዳዩ ሙያውን፣ የፍርድ ቤትን ነጻነት ወይም የሰውን ፍትሕ የማግኘት መብት ይነካል? ፍሬ ነገሩን ከራሱ ምንጭ አግኝተነዋል ወይስ ከፌስቡክ? መግለጫው በወጣ ማግስት ምን እንሠራለን? ለሦስተኛው መልስ ከሌለ ረቂቁ ይደር።

የመጀመሪያው ጥያቄ ለግዴታ አባልነት ማኅበር ይከብዳል። አሜሪካኖቹ በዚህ ተካሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በካሊፎርኒያ የጠበቆች ማኅበር ላይ በቀረበ ክስ ከግዴታ አባላት የተሰበሰበ መዋጮ ሙያውን ከመቆጣጠርና የሕግ አገልግሎትን ከማሻሻል ውጭ ለሆነ የፖለቲካ ሥራ እንዳይውል ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ካሊፎርኒያ ነገሩን ለሁለት ከፈለችው፦ ተቆጣጣሪው በግዴታ ቀረ፣ የባለሙያ ክፍሎቹ በፈቃደኝነት ወደሚገባበት አዲስ ማኅበር ሄዱ። የእኛ ሕግ ሌላ ነው። መነሻው ግን ያው ነው። መርጦ ያልገባን አባል ስም ይዛችሁ ስትናገሩ አፋችሁን ቆጠብ አድርጉ።

ይህ ለፍርሃት ሰበብ አይሁን። ጠበቃ ደንበኛውን እንዳያገኝ ሲከለከል፣ ፍርድ ቤት የፈታውን ሰው ፖሊስ አልለቅም ሲል፣ ያኔ ዝም ማለት የለም። ሦስቱም ጥያቄዎች በአንድ ደቂቃ ይመለሳሉ።

7. ቀሪው፣ በአጭሩ

ነጻ አገልግሎት። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዛል። ችግሩ ሰዓቱ ላይ አይደለም፤ ጠበቃውና ተቸጋሪው አይገናኙም። ማኅበሩ አገናኝ ይሁን። ከሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ከዩኒቨርሲቲ የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላትና ከተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት የሚመጣውን ጉዳይ ለአባላት እያከፋፈላችሁ መዝግቡ።

ሥልጠና። የሆቴል አዳራሽና የምሳ ግብዣ ያለው ሥልጠና ይቀንስ። የቅርብ የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎችን ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት መወያየት ብዙ ወጪ የለውም፣ ሰውም ይመጣል።

ወጣቶች። ፈቃድ ያወጣ ልጅ ቢሮ ለመከራየት አቅም የለውም። ማኅበሩ አንድ የጋራ መሥሪያ ክፍል፣ አንድ ማተሚያና ደንበኛ የሚያናግርበት በር ያለው ጥግ ቢሰጠው ለዕድሜ ልኩ አባል አገኛችሁ። የጥብቅና ድርጅት ያላቸው ትልልቆቹ ያለ እናንተም ይኖራሉ።

8. ቀን መቁጠሪያና ርክክብ

ዓመቱን በፍርድ ቤቱ ሥራ ልክ ቁረጡት። በክረምቱ የፍርድ ቤት ዕረፍት ዕቅድ አውጡ፣ ሒሳብ ዝጉ። ጠቅላላ ጉባዔውን ቅዳሜ ጥሩ፤ በችሎት ቀን ጠርታችሁ «ምልዐተ ጉባዔ አልሞላም» ብትሉ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ዓመታዊ ዕቅዱ ከሦስት ዋና ሥራ አይበልጥ። አራተኛ ያመጣ ሰው ከሦስቱ የትኛው እንደሚወጣ አብሮ ይንገር።

ርክክቡን ከተመረጣችሁበት ቀን ጀምራችሁ አዘጋጁ። ማኅተም፣ የባንክ ፊርማ፣ ቃለ ጉባዔዎች፣ ውሎች፣ የአባላት መዝገብ፣ የኢሜይልና የድረ ገጽ የይለፍ ቃል ዝርዝር በአንድ ፋይል ይቀመጥ። ቴሌግራሙን አትርሱ። እኔ የነበርኩበት ማኅበር የቴሌግራም ቻናል በቀድሞው ጸሐፊ የግል ስልክ ነው የተከፈተው። ጸሐፊው ሙያውን ትቶ ወደ ንግድ ገባ። ለሰባት ወር ያህል የማኅበሩን ማስታወቂያ እንዲለጥፍልን እየደወልን እንለምነው ነበር። አንዳንዴ የእኛን ከለጠፈ በኋላ የራሱን የሲሚንቶ ዋጋ ያስከትልበታል።